ዋልት ዲስኒ፤ ፊልምን መናፈሻ ያደረገ ሰው

በዓለም ላይ ልጆችን በማስደሰት ስማቸው ከገነነ ሰዎች መካከል ዋልት ዲስኒን የሚስተካከል ጥቂት ነው። እኛ የከሚሴ ልጆች እንኳ ሲኒማ ቤት ሳንገባ በደብተር ሽፋን፣ በልብስና በትምህርት ቤት ቦርሳ ላይ ሚኪ ማውስ የተባለውን ባለ ትልልቅ ጆሮ አይጥ እናውቀዋለን። ስለ ሰውየው ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚወሳው ሀብቱ ነው። እኔን ታሪኩን ሳነብ ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በልጅነቱ ለመጫወት ጊዜ ያልነበረው ሰው፣ ዕድሜው ሃምሳ ካለፈ በኋላ ያለውን ሁሉ አስይዞና ተበድሮ የመጫወቻ ከተማ መሥራቱ ነው። ስለዚህ ከፊልሞቹ ይልቅ ስለዚያ ከተማ በሰፊው እጽፋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ዋልት ዲስኒ ኅዳር 26 ቀን 1894 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ቺካጎ በምትባለው ከተማ ተወለደ። ይህም በእኛ አገር የዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነበር። አባቱ ኤልያስ፣ እናቱ ፍሎራ ይባላሉ፤ ከአምስት ልጆቻቸው አራተኛው እሱ ነው። አባቱ ለሥራ የማይታክት፣ ነገር ግን ቁጡና ዕድል የማትቀናው ሰው ነበር። በ1898 ዓ.ም. ቤተሰቡ በሚዙሪ ግዛት ወደምትገኘው ማርሴሊን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዶ እርሻ ያዘ። ዋልት እንስሳትን እያየ መሣል የጀመረው፣ በከተማይቱ መካከል የሚያልፈውን ባቡርም የወደደው እዚያ ነው። ይህች ማርሴሊን ኋላ በታሪኩ ውስጥ ተመልሳ ስለምትመጣ አንባቢ ስሟን እንዳይረሳት። እርሻው ግን አላዋጣም፤ ተሸጠና በ1903 ዓ.ም. ካንሳስ ሲቲ ወደምትባለው ትልቅ ከተማ ተዛወሩ።

እዚያም አባትየው ጋዜጣ የማደል ሥራ በገንዘቡ ገዛና ዋልትንና በስምንት ዓመት የሚበልጠውን ወንድሙን ሮይን አሠማራቸው። ልጆቹ ጎሕ ሳይቀድ ይነሡና በየቤቱ ደጃፍ ጋዜጣ ያድላሉ፤ ክረምት ሲሆን በረዶው እስከ ጉልበታቸው ይደርሳል። ዋልት ጧት አድሎ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ደግሞ የማታውን ጋዜጣ ያድላል። ለዚህ ሥራ ከአባቱ ደመወዝ አልተቀበለም። ስድስት ዓመት ያህል እንዲህ ስለኖረ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ይጥለው ነበር። ካደገ በኋላ እንኳ አንዱን ቤት ሳያድል እንደቀረ እያለመ ይባንን ነበር ይባላል። በከሚሴ መናኸሪያ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ የሚያልፉትን አውቶቡሶች እየሮጡ ውኃና ማስቲካ የሚሸጡትን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከእኛ ጋር የሚቀመጡትን ልጆች የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በዚያችው ከተማ ከቤታቸው ብዙም ሳይርቅ ኤሌክትሪክ ፓርክ የሚባል የመጫወቻ ስፍራ ነበር። በሌሊት በብዙ ሺህ አምፖሎች ያሸበረቀ፣ ባቡርና ርችት ያለው ቦታ ነው። ዋልትና ታናሽ እኅቱ ሩት ወደዚያ ይሄዱ ነበር። ያየውን አልረሳም።

የወጣትነቱን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ሳለ ዕድሜውን ጨምሮ በማስጻፍ በቀይ መስቀል አምቡላንስ ነጂነት ተቀጠረና በ1911 ዓ.ም. አንደኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ ፈረንሳይ አገር ደረሰ። ተመልሶ በካንሳስ ሲቲ የተንቀሳቃሽ ሥዕል ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1915 ዓ.ም. ኩባንያው ከሰረና ተዘጋ። ዋልትም አርባ ዶላር ብቻ በኪሱ ይዞ በባቡር ወደ ሆሊውድ ሄደ። ወንድሙ ሮይ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ እዚያው አካባቢ በሆስፒታል ይታከም ነበርና ሁለቱ ተባብረው በጥቅምት ወር 1916 ዓ.ም. የዲስኒ ወንድማማቾች ስቱዲዮ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ ዋልት ያልማል፣ ሮይ ገንዘብ ይፈልጋል፤ እስከ መጨረሻው የሥራ ክፍፍላቸው ይኸው ሆኖ ኖረ። በእኔ አስተያየት ለሮይ የሚሰጠው ምስጋና ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነው።

በ1920 ዓ.ም. ኦስዋልድ የተባለውን ጥንቸል የሚያሳዩት ፊልሞቹ ተወዳጅ በሆኑ ጊዜ፣ የጥንቸሉ ሕጋዊ ባለቤት እሱ ሳይሆን ፊልሙን የሚያከፋፍለው ወገን መሆኑ ታወቀ። ጥንቸሉንም፣ አብዛኞቹን ሠዓሊዎቹንም ወሰዱበት። በዚህ ምክንያት አዲስ ፍጡር ማሰብ ግድ ሆነበትና ሚኪ ማውስ ተፈጠረ። አይጡን በእጁ የሣለው አብ አይዎርክስ የተባለ የድሮ ጓደኛው ነው፤ ድምፁ ግን የዋልት የራሱ ነው። ሚኪ በድምፅ ታጅቦ ለሕዝብ የታየው ኅዳር 9 ቀን 1921 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሲሆን፣ ያ ዓመት በእኛ አገር ራስ ተፈሪ ንጉሥ የተባሉበት ነው። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ እንግዳ ነገር ስለነበረ ሕዝቡ የማሳያውን አዳራሽ የሰይጣን ቤት ይለው እንደነበር እዚህ ላይ ማስታወስ ደስ ይላል።

ከዚህ በኋላ የሰውየው ድፍረት እየጨመረ ሄደ። ሰማንያ ሦስት ደቂቃ የሚወስድ፣ በሙሉ በሥዕል የተሠራ የበረዶዪቱንና የሰባቱን ድንኮች ታሪክ ለመሥራት ተነሣ። በፊልም ላይ አንዲት ሰከንድ ለመሙላት 24 ምስሎች ስለሚያስፈልጉ በጠቅላላው ከ119 ሺህ በላይ ምስሎች ይሆናሉ ማለት ነው። የሆሊውድ ሰዎች የዲስኒ ሞኝነት እያሉ አሾፉበት። አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ያህል የፈጀው ፊልም በታኅሣሥ 1930 ዓ.ም. ሲታይ ግን ሳቂዎቹ ራሳቸው ቆመው አጨበጨቡ። ከፊልሙ በተገኘው ገንዘብ ሁለቱ ወንድማማቾች ለወላጆቻቸው ቤት ገዙላቸው። የቤቱ ማሞቂያ ጉድለት ነበረበትና በ1931 ዓ.ም. እናታቸው ፍሎራ በጭሱ ታፍና ሞተች። ዋልት ይህን ነገር በአፉ ማንሣት አይወድም ነበር።

ሰው ሁሉ ምስጉን ብቻ አይሆንምና ነቀፌታውንም መጻፍ ተገቢ ነው። በግንቦት 1933 ዓ.ም.፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ አንድ ወር ሳይሞላ፣ የስቱዲዮው ሠዓሊዎች የደመወዝና የማኅበር ጥያቄ አንሥተው ሥራ አቆሙ። ዋልት ነገሩን እንደ ክህደት ቆጠረው። በመጨረሻ ሠራተኞቹ ማኅበራቸውን አገኙ፤ እሱ ግን ቂሙን አልተወም፤ በ1940 ዓ.ም. በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የሥራ ማቆሙን መሪዎች ኮሙኒስቶች ናቸው ብሎ መሰከረባቸው። በልጅነቱ ያለ ደመወዝ የሠራ ሰው የሠራተኛውን ጥያቄ ሊረዳ ይገባው ነበር ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ መናፈሻው ነገር እንምጣ። ዋልት ዳያንና ሻረን የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ በሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ግሪፊት ፓርክ ይወስዳቸዋል። እነሱ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ተቀምጠው ሲዞሩ እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥና ይጠብቃቸዋል። ለአባት የሚሆን ጨዋታ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የነበሩት የመጫወቻ ስፍራዎች አብዛኞቹ ቆሻሻ የበዛባቸው፣ ቁማርተኛና ሰካራም የማይታጣባቸው ነበሩ። ወላጅና ልጅ አብረው የሚሳፈሩበት ንጹሕ ቦታ ለምን አይኖርም ብሎ ማሰብ የጀመረው በዚያ ወንበር ላይ ነው። ከዚህም ጋር ባቡር መውደዱ አልበረደም ነበርና በ1942 ዓ.ም. በግቢው ውስጥ ሐዲድ ዘርግቶ፣ ከእውነተኛው ስምንት ጊዜ የሚያንስ በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ሠራ፤ እንግዶቹንም ራሱ እየነዳ ያዞራቸዋል።

ሐሳቡን ሲገልጥ የደገፈው ጥቂት ነው። ወንድሙ ሮይ እንኳ መጀመሪያ ላይ የስቱዲዮውን ገንዘብ ለዚህ ማዋል አልፈለገም። ዋልት ግን በሕይወት ኢንሹራንሱ ላይ ተበደረ፤ በበረሃው ከተማ በፓልም ስፕሪንግስ የነበረውን የዕረፍት ቤቱን ሸጠ፤ በ1945 ዓ.ም. ሥራውን የሚያጠና የራሱን ድርጅት አቋቋመ። አጥኚዎች መርጠው ያሳዩት ቦታ አናሃይም በምትባል ከተማ አጠገብ ያለ የብርቱካን እርሻ ነው። ስፋቱ 65 ሄክታር ያህል ሲሆን ጋሻው በአርባ ሄክታር ቢታሰብ ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። በመስከረም 1946 ዓ.ም. ሮይ ገንዘብ ፍለጋ ወደ ኒው ዮርክ ሊሄድ ሲል የሚያሳየው ሥዕል አልነበረውም። ዋልት ሄርበርት ራይማን የተባለውን ሠዓሊ ጠርቶ ቅዳሜና እሑድ አጠገቡ ቆሞ እየነገረው የመናፈሻው መልክ በሁለት ቀን ተሣለ። ያንን ሥዕል አይቶ ኤ ቢ ሲ የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር አወጣ፤ ለአራት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ብድርም ዋስ ሆነ። በልዋጩ ዋልት በየሳምንቱ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሊሠራለት ተስማማ። ጠቅላላው ወጪ ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። አንድ ዶላር በዚያን ጊዜ ሁለት ብር ተኩል ያህል ስለነበረ ከአርባ ሚሊዮን ብር በላይ ነው ማለት ነው።

የመሬቱ ቁፋሮ በሐምሌ 1946 ዓ.ም. ተጀመረ። ግርማዊነታቸው አሜሪካንን የጎበኙበት ክረምት መሆኑ ነው። ሥራው በአንድ ዓመት ማለቅ ነበረበት። እዚህ ላይ የዋልት የፊልም ጥበብ ታየ። በመናፈሻው ዙሪያ የአፈር ጉብታ አስከመረና ከውስጥ ያለ ሰው የውጭውን መንገድና የመብራት እንጨት እንዳያይ አደረገ፤ በሲኒማ ውስጥ መብራት ጠፍቶ በር እንደሚዘጋ ማለት ነው። ጎብኚው ከባቡሩ ድልድይ ሥር አልፎ ሲገባ በመጀመሪያ የሚያገኘው የትንሽ ከተማ ዋና መንገድ ነው። ይህች ከተማ የልጅነቱ ማርሴሊን ናት። ፎቆቹ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር መጠናቸው ስለሚያንስ ከእውነተኛ ቁመታቸው ረዝመው ይታያሉ። በመንገዱ መጨረሻ ያለው ቤተ መንግሥትም 23 ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በዚሁ ዘዴ ከሩቅ ሲያዩት ሰማይ የነካ ይመስላል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ጀብዱ አገር፣ ወደ ድንበር አገር፣ ወደ ተረት አገርና ወደ ነገ አገር ይከፈላል። ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ፊልም ከአንድ ትርኢት ወደ ሌላው እንደሚያልፍ ያህል ነው።

ሐምሌ 10 ቀን 1947 ዓ.ም. እሑድ ዲዝኒላንድ ተከፈተ። የዚያን ቀን የሆነውን ሳነብ ሳቅም ሐዘንም መጣብኝ። የመግቢያ ወረቀት ተመስሎ በመታተሙ ከተጠበቀው በእጥፍ የሚቀርብ፣ 28 ሺህ ያህል ሕዝብ ገባ። አንድ ብልጥ ሰው በአጥሩ ላይ መሰላል አስደግፎ በአምስት አምስት ዶላር ያሻግር ነበር ይባላል። የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ሰው ግፊያውን ሊገምት ይችላል፤ ሙቀቱም ከእኛ ከከሚሴ የበጋ ቀትር የሚያንስ አልነበረም። ሌሊት የፈሰሰው አስፋልት ስላልደረቀ የሴቶች ጫማ ተረከዝ እየሰመጠ ቀረ። የቧንቧ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ስለነበረ ዋልት ከመጠጥ ውኃና ከሽንት ቤት አንዱን መምረጥ ግድ ሆነበትና ሽንት ቤቱን መረጠ፤ ሕዝቡ ተጠማ። ምግቡ አለቀ፤ መጫወቻዎቹ እየተሰበሩ ቆሙ፤ ጋዝ በማፍሰሱ የተረት አገር ለጊዜው ተዘጋ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዘጠና ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በቴሌቪዥን ይመለከት እንደነበር ተገምቷል። ካሜራ ፊት ቀርበው ዝግጅቱን ከመሩት ሰዎች አንዱ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ተዋናዩ ሮናልድ ሬገን ነበር። በማግሥቱ ጋዜጦች ክፉኛ ነቀፉት፤ ሠራተኞቹም ቀኑን ጥቁር እሑድ ብለው ሰየሙት። ዋልት የተበላሸውን ሁሉ እያስጠገነ ጋዜጠኞቹን እንደገና ጋበዛቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ሚሊዮነኛው ጎብኚ ገባ።

በዚያ ክረምት አንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሄድ ምን ያይ ነበር? አባቱ አንድ ዶላር፣ እሱ ሃምሳ ሳንቲም ከፍለው ይገባሉ፤ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ደግሞ ለብቻው ይከፈላል። ይህ አከፋፈል በ1974 ዓ.ም. ተለውጦ አንድ ቲኬት ለሁሉም ሆኗል። በተረት አገር ፒተር ፓን የተባለው ጨዋታ አለ። ትንሿ መርከብ የምትሄደው ከላይ ካለ ሐዲድ ላይ ተንጠልጥላ ስለሆነ የተሳፈረው ሰው በጨለማ ውስጥ የሚበር ይመስለዋል፤ ከእግሩ ሥር የለንደን ከተማ በሌሊት መብራቷ ትታየዋለች። ከዚያ ወጥቶ ወደ በረዶዪቱ ቤት ሲገባ ሠረገላው በማዕድን ጉድጓድና በሚያስፈራ ጫካ ውስጥ ይዞት ይሮጣል፤ አሮጊቷ ጠንቋይም በየማዕዘኑ ብቅ ትላለች። ብዙ ሰዎች በረዶዪቱን ራሷን አላየናትም ብለው አጉረመረሙ። ምክንያቱ ግን በዚያ ጨዋታ በረዶዪቱ የተሳፈረው ሰው ራሱ መሆኑ ነው፤ የምታየውን እንዲያይ፣ የምትፈራውን እንዲፈራ ታስቦ ነው። ይህን ሐሳብ የተረዳው ሰው በማነሱ በ1975 ዓ.ም. ምስሏን ጨመሩበት። እኔ ግን የፊተኛው ይሻል ነበር እላለሁ፤ ከሲኒማው የሚለየው በዚህ ነበርና። እንደ ስኒ የተሠሩ፣ እየተሽከረከሩ የሚያዞሩ መቀመጫዎችም ነበሩ፤ በጆሮው የሚበረው ዝሆን ዱምቦ ግን አንድ ወር ዘግይቶ ሥራ ጀመረ። በተረት አገር መካከል የእንጨት ፈረሶቹ ይዞራሉ፤ እዚህ ግን አባትም መሳፈር ይችላል።

በጀብዱ አገር ውስጥ ያለው የጀልባ ጉዞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ለየት ያለ ነገር አለው። ወንዙ የልዩ ልዩ አገር ወንዞችን አንድ ላይ የሚያሳይ ሲሆን አንዱ የእኛው ዓባይ ነው። ዋልት በመጀመሪያ እውነተኛ አራዊት ሊያኖርበት ፈልጎ ነበር፤ ዐዋቂዎች አውሬ ቀን ቀን ተደብቆ ይተኛል ብለው ስለመከሩት ጉማሬውም፣ አዞውም፣ ዝሆኑም በመኪና የሚንቀሳቀሱ ሆኑ። እስከዚህ መልካም ነው። የአፍሪካ ሰው ግን ጦር ይዞ የሚጮህ አረመኔ ተደርጎ ቆመ። ሆሊውድ አፍሪካን ያየው በዚህ ዓይን ስለነበረ መናፈሻውም ያንኑ ወረሰ። ድርጅቱ እነዚያን ምስሎች የለወጠው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ በጣም ዘግይቷል።

ዋልት መናፈሻው ተከፈተ ብሎ አልተኛም። በእሳት አደጋ ጣቢያው ፎቅ ላይ ትንሽ ማደሪያ ነበረችው፤ ከዚያ እየወረደ በሕዝቡ መካከል ተሰልፎ ይሳፈር ነበር። አንድ ቀን ሰባት ደቂቃ መውሰድ የሚገባውን የጀልባ ጉዞ ነጂው በአራት ደቂቃ ተኩል ጨርሶት ቢያይ፣ ሲኒማ መሐል ላይ እንደተቆረጠ ቆጥሮ ተቆጣ፤ ነጂዎቹም በሰዓት እየተለኩ እንዲለማመዱ ተደረገ። በሰኔ 1951 ዓ.ም. በስዊስ አገር ፊልም ሲሠራ ያየውን የማተርሆርን ተራራ አምሳል አሠርቶ፣ ሽቅብና ቁልቁል የሚከንፉ ሠረገላዎች አስገባበት። በብረት ቧንቧ ሐዲድ ላይ የሚሮጥ እንዲህ ያለ ጨዋታ ከዚያ በፊት አልነበረም። በመስከረም 1952 ዓ.ም. የሶቪየት ኅብረት መሪ ኒኪታ ክሩሽቼቭ አሜሪካን ሲጎበኙ ዲዝኒላንድን ለማየት ጠይቀው፣ ጥበቃ አይመችም ተብለው ተከለከሉና በአደባባይ ተቆጡ። የዓለምን ግማሽ የሚያስፈሩ ሰው ስለ መጫወቻ ሲያኮርፉ ማሰብ ያስቃል።

የሚቀጥለው ሐሳቡ ከዚህ የሰፋ ነበር። ሌሎች ሰዎች በአናሃይም ዙሪያ መሬቱን ሁሉ ሆቴል ስለ ሠሩበት፣ በፍሎሪዳ ግዛት ዋጋ እንዳይወደድ በሌላ ስም እየገዛ 110 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ሰበሰበ። ይህ በእኛ ልክ ከ270 ጋሻ በላይ ነው። ዕቅዱን በኅዳር 1958 ዓ.ም. ለሕዝብ ገለጠ። ነገር ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲጋራ አጫሽ ነበርና በጥቅምት 1959 ዓ.ም. ካንሰር የያዘው አንድ ሳንባው በቀዶ ጥገና ወጣ። ሊሞት ሲል በነበረችው ሌሊት ሮይ አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ፣ የሆስፒታሉን ጣሪያ እንደ ካርታ ቆጥሮ መንገዱ በዚህ፣ ሐይቁ በዚያ እያለ የፍሎሪዳውን ዕቅድ ያስረዳው ነበር ይባላል። ታኅሣሥ 6 ቀን 1959 ዓ.ም. በስልሳ አምስት ዓመቱ ዐረፈ። ሬሳው በበረዶ ተቀምጧል እየተባለ የሚወራው ሐሰት ነው፤ አስከሬኑ ተቃጥሎ ዐመዱ በካሊፎርኒያ ተቀብሯል።

ሮይ በዚያን ጊዜ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ጡረታ ሊወጣ የተዘጋጀ ሽማግሌ ነበር። ጡረታውን ትቶ የወንድሙን ሥራ ያዘ። የቦታው ስም ዲስኒ ወርልድ ሊባል ታስቦ የነበረውን፣ የማን ሐሳብ እንደሆነ ሰው እንዲያውቅ ብሎ ዋልት ዲስኒ ወርልድ አሰኘው። መስከረም 20 ቀን 1964 ዓ.ም. በሩ ተከፈተ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሮይም ሞተ።